የበረንዳው ተራ

ልብስ ሰፊው በላቸው የስፌት መኪናውን የሚዘረጋው ደሴ ፒያሳ፣ የሐጂ ዘይኑልአቢዲን የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ቦታው የጠዋት ፀሐይ ቶሎ ያገኘዋል፣ ዝናብ ግን አይደርስበትም። በላቸው ለዚህ ሐጂን ሳያመሰግን የዋለበት ቀን የለም። በ1977 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግን በረንዳውን ሌሎች ሰዎችም አገኙት። ከሐርቡና ከዚያ ወዲያ ካለው ቆላ ዝናብ የከዳቸው ገበሬዎች ሽቅብ ወደ ደሴ ወጡ። የእርዳታ መጠለያው ሞልቶ ሲመልሳቸው በየሱቁ ደጃፍ ተኮልኩለው ያድሩ ጀመር። የደሴ የኅዳር ብርድ ደግሞ ለቆላ ሰው አይራራም።

በላቸው መጀመሪያ ላይ ተነጫነጨ። ቁጡ ሰው ነው፤ ቁጣው ግን ከአፉ አያልፍም። ጠዋት መኪናውን ከሱቁ ሲያወጣ፣ «በሉ እንግዲህ ተነሡልኝ፣ የሰው ሱሪ ቀጠሮ አለብኝ» ይላል። ሰዎቹም ይነሣሉ። ከመካከላቸው ሕፃን የታቀፈች አንዲት ወጣት ሴት ግን መኪናው የሚቀመጥበትን ቦታ በሻሿ ጫፍ ሳትጠርግለት አትነሣም። ማንም አላዘዛትም። በላቸው ይህን ጥቂት ቀን አይቶ መጮኹን ተወ። ከዚያ ደግሞ ጠዋት ሲመጣ ዳቦ ይዞላት ይመጣ ጀመር። ስሟ ዘይቱና ነው፣ የሕፃኑ ደግሞ በሺር።

በላቸው በገራዶ መውጫ በኩል ባለችው ቤተ ክርስቲያን የሰንበቴ ማኅበርተኛ ነው። እንዲያውም ሙሴው እሱ ነው፤ የማኅበሩን መሪ እንዲህ ነው የሚጠሩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ጥግ ባለችው የጭቃ ቤት ይሰበሰባሉ። ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፣ ቄስ እንየው ይባርካሉ፣ መጀመሪያ ለነዳያን ይታደላል፣ ከዚያ ማኅበርተኛው ይቀምስና ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። በነሱ ሰንበቴ ተራ የዋዛ ነገር አይደለም። ተረኛው ቢታመም፣ ሐዘን ቢደርስበት እንኳ ለተከታዩ በእጁ ሳያስረክብ ተራውን አይለቅም።

አንድ እሑድ እትዬ ወርቅአፈራሁ ዳቧቸውን ቆርሰው ዙሪያውን ተመለከቱ። በላቸው ሙሴ ይባል እንጂ ማኅበሩን በእድሜም በምላስም የሚመሩት እሳቸው እንደሆኑ እሱም ያውቀዋል።

«ይኼ ቤት ከእሑድ እስከ እሑድ አይጥ ነው የሚያድርበት» አሉ። «ሰው ቢያድርበት አይጡ ይከሰን ይሆን?»

ሁሉም ሳቁ። ቀጥሎ ግን እያንዳንዱ ሲመጣ በመንገዱ ላይ ያየውን አሰበ። አንዱ የቀበሌን ፈቃድ አነሣ። ሌላው፣ ከመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸውና በቤተ ክርስቲያን ደጅ አልፎ መግባት እንዳይከብዳቸው ሰጋ። ቄስ እንየው ጢማቸውን እያሻሹ፣

«ቅጥሩን በመንገዱ በኩል እንከፍተዋለን» አሉ። «ከመንገድ በቀጥታ ወደ ቤቱ የሚያስገባ በር ይወጣለታል።»

«የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ማፍረስ ቅር አያሰኝም፣ አባ?»

«ለእንግዳ ነው የምናፈርሰው። ክፉው ቀን ሲያልፍ መልሰን እንክበዋለን።»

ቀበሌውም ፈቀደ፤ ስብከት እንዳይኖር ብቻ አስጠነቀቀ። ቄስ እንየው «ደክሞት ለሚያንኮራፋ ሰው ምን እሰብካለሁ?» ብለው ያለ ክርክር ተስማሙ። በዚያው ሳምንት ማኅበርተኞቹ ቅጥሩን ከፈቱ፣ ወለሉ ላይ ጭድ ጎዘጎዙ፣ የተቀደደውን የጣሪያ ቆርቆሮ ለጠፉ። ሴቶቹ ሽሮና ንፍሮ በየቤታቸው ሠርተው ለማምጣት ተከፋፈሉ፤ ጊዜው የነቢያት ጾም ስለነበር ሥጋ የማን ቢላዋ ያረደው ነው የሚባል ጣጣ አልነበረም። በላቸው ከሐጂ ዘይኑልአቢዲን የተገኘውን ጆንያ ሁለት ሁለቱን እየገጠመ፣ መሐሉን በጨርቅ ቁርጥራጭ እየሞላ ብርድ ልብስ አደረገው። ሐጂ ራሳቸው ከስግደት በፊት ለሚታጠቡበት ውዱእ የሚሆን ማሰሮ ይዘው መጡና ሲሰግዱ ፊት የሚዞርበትን ቅብላ በግድግዳው ላይ በከሰል ሰረዝ አመለከቱ። ቄስ እንየው ሰረዙን አዩት።

«ከሰሉ ነገ ይለቃል፣ ሐጂ። ኖራ አለ፤ በኖራ ይሁን» አሉ።

ማታ ማኅበርተኞቹ ፒያሳ ወጥተው ሰዎቹን ጠሩ። ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ከነሱ ጋር እየዞሩ «አብሽሩ፣ እኔም አይቼዋለሁ፣ ሙቅ ቤት ነው» ሲሉ ጊዜ ያመነታው ሁሉ ተነሣ። ከበረንዳው ያልተነሣች ዘይቱና ብቻ ነበረች።

«ምን ሆነሻል? ልጁ ይስላል እኮ» አላት በላቸው።

«መሳሉን አውቃለሁ፣ አባባ። ግን ባሌ ከዚህ እንዳትነሺ ብሎኛል።»

«የት ነው ያለ?»

«በመጣን በማግስቱ ሥራ ባገኝ ብሎ ኮምቦልቻ ወርዷል። ደሴን አያውቃት፣ እኔም አላውቃት። የምናውቀው ይኼን በረንዳ ነው። ሥራ አገኘሁም አላገኘሁም እዚህ እመጣለሁ ነው ያለኝ።»

«እኔ ቀን ቀን እዚህ አይደለሁም ወይ? ሲመጣ እነግረዋለሁ።»

«የቀን ሥራ ውሎ ነው የሚመጣ። ሲመሽ ነው፣ ሌሊትም ሊሆን ይችላል። መጥቶ ቢያጣኝ» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ «ሞታለች ብሎ ይሄዳል። በዚህ ዘመን ሰው ካለበት ከታጣ ሌላ ምን ይባላል? ወላሂ አልነሣም።»

ያለችው እውነት ነው። በላቸው ሌሊቱን ልጁ እንዴት እንደሚያድር እያሰበ ሲገላበጥ አደረና ጠዋት ለማኅበርተኞቹ ነገራቸው።

«ታዲያ ምን ይቸግራል?» አሉ እትዬ ወርቅአፈራሁ። «ሰንበቴያችን ዳቦ ያዞር የለም? እንግዲህ በረንዳም ያዙር። ከኛ አንዳችን በየሌሊቱ በሷ ቦታ እንቀመጣለን። ሰውየው ሲመጣ ያገኘናል።»

«በተራ?»

«በተራ። እንደ ዳቦው፤ ማንም ሳያስረክብ አይነሣም።»

ዘይቱና ግን በወሬ የምትነሣ ሴት አልነበረችም። የመጀመሪያው ተረኛ በላቸው ራሱ ጋቢውን ተከናንቦ እስኪቀመጥ ድረስ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ የነገረችውን ይዞ እንደሆነ ፈተነችው።

«ስሙ ማን ነው?»

«ኑርሁሴን።»

«መልኩሳ?»

«ረዥም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ።»

«ሲመጣ ምን ይሉታል?»

«ዘይቱና ደህና ናት፣ በሺርም ደህና ነው፣ ተከተለኝ ላድርስህ እለዋለሁ።»

«ደህና ናት የሚለውን ያስቀድሙ» አለችው። ይህን ብላ ልጇን አቅፋ ወደ ሰንበቴ ቤቱ ሄደች።

እንዲህ ሆኖ ተራው መዞር ጀመረ። የልጁ ሳል በጭዱ ሙቀት ቀለል አለ። በላቸው ጠዋት ጠዋት ከሌሊቱ ተረኛ ጋር በረንዳው ላይ ሲገናኝ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መልሱም አንድ ነበር፦ አልመጣም።

ተራው ዞሮ እንደገና በላቸው ላይ ወደቀ። በዚያ ምሽት ሰንበቴ ቤት ጎራ ብሎ ነበርና አንድ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ሲያይ ኮቱን አውልቆ ሰጠው። የቀበሌ መታወቂያው ከኮቱ ኪስ እንዳለ ያስታወሰው ሊነጋጋ ሲል፣ የጭነት መኪና ፒያሳ ላይ ቆሞ ጥበቃዎች ከዚያ ወዲህ መጥተው በየበረንዳው ያደሩትን ሰዎች ሲያስነሡ ሲያይ ነው። ያን ሰሞን ድርቅ ካጠቃው አገር ሰዎችን ወደ ምዕራብ ወስዶ ማስፈር ተጀምሯል። ወዶ የሚሄድ ነበረ፣ ሳይጠየቅ የሚጫንም ነበረ።

«ተነሥ አባባ» አለው አንዱ።

«አልነሣም፤ ተረኛ ነኝ።»

«የምን ተረኛ?»

«ኑርሁሴንን እየጠበቅሁ ነው።»

«ኑርሁሴን ማን ነው?»

«አላውቀውም።»

ጥበቃው ወደ ባልደረባው ዞረና፣ «ረኀቡ አናቱ ላይ ወጥቷል፣ ደግፈው» አለ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መኪናዬ ከዚህ ሱቅ ውስጥ ነው ብሎ ቢሆን ይለቁት ነበር። በላቸው ግን በዚያች ሰዓት ያሳሰበው ቦታውን ለማን እንደሚያስረክብ ነው። ኮሌታውን ይዘው ሲያነሡት እንኳ «አንድ ሰው ይቀመጥልኝ» እያለ ዙሪያውን ይፈልግ ነበር። የሚቀመጥ አልነበረም፤ ሁሉም ከሱ ጋር ተጭነዋል።

መኪናው ጠመዝማዛውን መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ብርዱ ቀለለ፣ የበላቸው ልብ ግን ከበደ። ሰውየው ዛሬ ቢመጣስ? ከስንት ሌሊት ጥበቃ በኋላ በዛሬዋ ቢመጣና ባዶ በረንዳ ቢያገኝ? ዘይቱና ያንን ሁሉ ፈትና ያመነችው እሱን ነበር።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ ባለ ሜዳ ላይ አወረዷቸው። ድንኳኖችና አንድ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን አለ፤ ሰዉ እንደ ገበያ ነው፣ እንደ ገበያ ግን አይንጫጫም። ወፍራም ገንፎ ታደለ። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሶች እንደሚመጡ ተነገረ። በላቸው ገንፎውን ይዞ ቁጭ አለና በዙሪያው ያለውን ሰው ከየት እንደመጣ ጠየቀ። ግማሹ ኮምቦልቻ ላይ የተያዘ ነው፤ የቀን ሥራ ሊፈልግ ወርዶ የተያዘ። ይህን ሲሰማ ገንፎውን አስቀምጦ ተነሣ።

ረዥም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ብላዋለች። በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ ረዥም፣ ቀጭንና ዝምተኛ ነበር። በላቸው ትንሽ ፈልጎ ተስፋ ቆረጠና፣ በመጨረሻ ገበያ መሐል ስለ ጠፋ በሬ እንደሚያስነግር ሰው ከድንጋይ ላይ ወጣ።

«ከሐርቡ! ኑርሁሴን የሚባል! ኑርሁሴን ያላችሁ!»

ሦስት ሰዎች ተነሡ። የመጀመሪያው ሽበታም ነው።

«ሚስትህ ማን ትባላለች?» አለው በላቸው።

«ሞታለች» አለ ሰውየው በእርጋታ። «ስሜን የሚጠራ ሰው ስሰማ ጊዜ ነው የመጣሁት።» በላቸው እጁን ያዘው።

የሁለተኛው ሚስት ኡሙሰልማ ናት፤ ሐይቅ ከዘመዶቿ ጋር ትቷታል። «ከዚህ የምትወጣ ከሆነ በሕይወት አለሁ ብለህ ላክልኝ» አለው። በላቸው ስሟን ደግሞ ደጋግሞ በቃሉ ያዘ።

ሦስተኛው ወጣት ነው። ከተነሣበት አልተጠጋም፤ እንደ ሌሎቹ ተስፋ አድርጎ ላለማፈር የፈለገ ይመስላል። በላቸው ራሱ ሄደለት።

«ሚስትህን የት ተውካት?»

«ደሴ። ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ።»

«የትኛው ሱቅ?»

«ስሙን እንጃ። ያደርን ለት ጠዋት አንድ ነዝናዛ ልብስ ሰፊ መጥቶ አስነሣን።»

«ዘይቱና ደህና ናት፣ በሺርም ደህና ነው» አለው በላቸው። ተከተለኝ ላድርስህ የሚለውን ሊጨምር አፉን ከፈተና በዙሪያቸው ያሉትን ጥበቃዎች አይቶ ተወው። «ነዝናዛው እኔ ነኝ።»

ኑርሁሴን ድንጋይ እንደመታው ሰው ቁጭ አለ። ሲናገር ቀስ እያለ ነው። ጆንያ ሲያወርድ ሰንብቶ ወደ ደሴ ሊመለስ በእግሩ ሲነሣ ከመንገድ ተይዟል። ሚስት አለችኝ ብሎ ለምኗል፤ ሁሉም ሚስት አለችኝ ስለሚል ሰሚ አላገኘም። ዛሬ ይጫናል። ወዴት እንደሆነ አላወቀም፣ ከዚያ መመለስ እንዳለም አላወቀም።

አለቃ የሆነው ወጣት ከመጋዘኑ በር ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ ተቀምጧል። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። በላቸው የሆነውን ሁሉ ነገረው።

«አባት፣ እርስዎ የከተማ ሰው ከሆኑ የሚያውቅዎ ይምጣና ይውሰድዎ» አለ ወጣቱ። «የሌላው ሰው ነገር ግን እርስዎን አይመለከትዎትም።»

የሚያውቁትስ መጡ። ጠዋት እትዬ ወርቅአፈራሁ ለተረኛው ቁርስ ይዘው ሲሄዱ በረንዳውን ባዶ አግኝተው፣ ሰዎቹ ወደ ኮምቦልቻ መጫናቸውን ሰምተው፣ ሐጂን ከሱቃቸው፣ ቄሱን ከቤታቸው አስነሥተው፣ ከቀበሌ ወረቀት አጽፈው በእህል መኪና ሦስት ሆነው ወርደዋል። እትዬ በላቸውን ሲያዩት መጀመሪያ ዕንባቸው መጣ፤ ቶሎ ጠረጉትና፣

«ተረኛ ብለን ብናስቀምጥህ አገር ልትለውጥ ኖሯል?» አሉት።

«ሰውየውን አገኘሁት እኮ፣ እትዬ።»

«ማንን?»

«ኑርሁሴንን።»

ሦስቱም ከበላቸው ጀርባ ወደ ቆመው ወጣት አዩ። በዚያው ቅጽበት የአውቶቡስ ድምፅ ተሰማ።

አለቃው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና በላቸውን ይሂዱ አለው። በላቸው አልተንቀሳቀሰም።

«ጓድ፣ እኔ ለዚህ ሰው ተረኛ ነኝ። ይዤው ካልሄድኩ ተራዬ አላለቀም።»

«እንዲህ ያለ ደንብ አላውቅም» አለ ወጣቱ። «እኔ የማውቀው ቤትና ሥራ ያለው ይቀራል፣ የሌለው ይሄዳል። ሥራ አለው?»

«አለው» አሉ ሐጂ ዘይኑልአቢዲን። «እኔ ጋ የጨርቅ ጣቃ ይሸከማል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካሁን ጀምሮ።»

ወጣቱ ሊቆጣ ቀና አለ። ሐጂ ግን ፊታቸውን አላዞሩም። «ከትናንት ጀምሮ ብልህ እዋሽሃለሁ፣ ልጄ። ካሁን ጀምሮ ነው።»

«ቤትስ?»

«ቤት አለው» አሉ ቄስ እንየው። «ቅጥራችንን ከፍተን በር አውጥተንለታል። ሚስቱና ልጁ እዚያ ናቸው።»

ወጣቱ አንዴ ቄሱን፣ አንዴ ሐጂን አየ። ከጠዋት ጀምሮ ከፊቱ የቆመው ሰው ሁሉ የሚለምነው ነገር ነበረው፤ ለሌላ ሰው የሚለምን ግን ያየ አይመስልም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ።

«ዋስ ማን ይሆናል?»

«እኔ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

«ከሁለት አንዳችሁ ይበቃል።»

«ግድ የለም፣ ሁለታችንንም ያዘን» አሉ ሐጂ። «እኔ ብሸሽ እሳቸውን ታገኛለህ።»

ወጣቱ ሳያስበው ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋና ወረቀቱን ፈረመ። «ለአንድ ሰው ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ለሌላ ሰው እንዳትመጡብኝ። ሥራዬን የምሠራ ሰው ነኝ።» በላቸው ሊጠላው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሊያመሰግነው ሲል ግን ወጣቱ ወደሚቀጥለው ሰው ዞሯል።

ከሜዳው ሲወጡ ሽበታሙና የሐይቁ ኑርሁሴን ከሰልፉ ውስጥ ሆነው አዩዋቸው። የሐይቁ ሰው እጁን አነሣ። በመንገድ ላይ በላቸው የኡሙሰልማን ነገር ሲያነሣ ሐጂ ሐይቅ ገበያ የሚነግድ የወንድም ልጅ እንዳላቸው፣ በዚሁ ሳምንት መልእክቱ እንደሚደርስ ቃል ሰጡት። ለሽበታሙ ግን የሚላክ መልእክት አልነበረም።

ደሴ ሲደርሱ ገና አልጨለመም ነበር። በላቸው በቀጥታ ወደ ሰንበቴ ቤቱ እንሂድ አለ። ኑርሁሴን ግን ቆመ።

«መጀመሪያ በረንዳው ጋ» አለ። «እዚያ እመጣለሁ ነው ያልኳት።»

«ሰውየ፣ እዚያ የለችም አልኩህ። ስንት ሌሊት የተቀመጥነው ለምን ሆነና?»

«አውቃለሁ። ግን እዚያ ነው ያልኳት።»

እትዬ ወርቅአፈራሁ ብቻ አልተከራከሩም። ሁሉም ወደ በረንዳው ሄዱ። ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው የወጡ ስለሆነ ደጃፉ ጭር ብሏል፤ በረንዳው ጥግ ላይ ግን አንድ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዘይቱና ናት። ጋቢው የእትዬ ወርቅአፈራሁ ነው።

«ጠዋት ሂጂ ብላት አልሰማ አለችኝ» አሉ እትዬ ወርቅአፈራሁ። «አባባን የወሰዷቸው በኔ ቦታ ተቀምጠው ነው፤ እንግዲህ ሁለት ሰው ነው የምጠብቀው አለችኝ።»

ዘይቱና መጀመሪያ ያየችው በላቸውን ነው፤ ፊቷ ፈካ፣ ልትነሣ ተንቀሳቀሰች። ከዚያ ከኋላው ያለውን ሰው አየችና ተመልሳ ቁጭ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት። ኑርሁሴን ከአጠገቧ ተቀመጠ። ሕፃኑ በሺር አባቱን ጥቂት መረመረና ፊቱን ወደ እናቱ ጋቢ ቀበረ።

«ረሳኝ» አለ ኑርሁሴን።

«አብሽር፣ ነገ ያውቅሃል» አለችው። «ሳሉ እኮ ለቀቀው። እነዚህ ሰዎች ናቸው።»

ኑርሁሴን ተነሥቶ የእትዬ ወርቅአፈራሁን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል በትከሻው ያዙት። ቄሱን ሊል ሲል ቄሱ አቀፉት። ያን ጊዜ ዘይቱና በተቀመጠችበት መዳፎቿን ዘረጋች። ቤታቸው ሰው እንዳይጎድልበት፣ ልጆቻቸው በረንዳ እንዳያውቁ፣ የጠበቁት ሁሉ ደህና እንዲገባላቸው ዱዓ አደረገች። ሐጂና ኑርሁሴን «አሚን» አሉ፣ ሌሎቹም «አሜን» አሉ።

«ደግ» አሉ እትዬ ወርቅአፈራሁ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሽሮው ይበርዳል፣ እንሂድ።»

በላቸው ከሁሉም ኋላ ቀርቶ ይከተላቸው ጀመር። እየሄደ እግዚአብሔርን የሚያመሰግንበትን ያስባል፤ ስለ ሐጂ፣ ስለ ቄሱ፣ ስለ እህል መኪናው ሹፌር፣ ለአንድ ሰው ነው ብሎ ወረቀቱን ስለፈረመው ወጣት። ኮሌታውን ይዘው ያነሡት ጥበቃዎች ጋ ሲደርስ ተቸገረ። እነሱ ባይወስዱት ኖሮ ያ ሰው ዛሬ አውቶቡስ ላይ ነበር። ስለ ሽበታሙም አሰበ፤ እሱን የጫነውም ያው እጅ ነው። እስከ ገራዶ መውጫ ድረስ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሄደ። ከመንገዱ ዳር በተከፈተው ቅጥር ውስጥ የኩራዝ ብርሃን ይታያል፤ ኑርሁሴን ቁመቱ ስለረዘመ ጎንበስ ብሎ፣ ልጁን በአንድ ክንዱ ይዞ ሲገባ አየው። በላቸው ጥበቃዎቹንም ጨምሮ አመሰገነና እራቱን ሊበላ ከኋላቸው ገባ።